ከመበየድሽ በፊት አንብቢው

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአንድ ቤት ጋራዥ ነው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ በቴክኒሺያንነት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጅቷ የጎረቤት ልጅ ናት፤ የአማተር ሬዲዮ ፈተናዋን አልፋ ኮልሳይኗን በቅርቡ ተቀብላለች። ጠረጴዛው ላይ ያገለገለ ኬንዉድ ቲኤም-ዲ710ኤ ሬዲዮ፣ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ የጂፒኤስ ሞጁል፣ ላፕቶፕ፣ ቴስተርና መበየጃ አለ። የልጅቷ ሐሳብ ሬዲዮው ያለችበትን ቦታ እንዲያስተላልፍ ሞጁሏን ከሬዲዮው ጋር ማገናኘት ነው።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ መበየጃውን ልሰካው? እሱ እስኪግል ገመዱን እልጣለሁ።

ጋሼ፦ ቆዪ እስቲ። መጀመሪያ ምኑን ከምኑ እንደምታገናኚ ንገሪኝ።

ልጅቷ፦ ይቺ ኒዮ-6ኤም የምትባለው ናት፤ በ10 ዶላር ገደማ ነው የገዛኋት። አራት እግር አላት፤ ቪሲሲ፣ ግራውንድ፣ ቲኤክስ፣ አርኤክስ። ሬዲዮው ደግሞ የፊት ፓነሉ ላይ ለጂፒኤስ የተዘጋጀ 2.5 ሚሊሜትር ጃክ አለው። የሞጁሏን ቲኤክስ ከጃኩ መግቢያ፣ ግራውንዷን ከግራውንዱ አገናኛለሁ፤ በቃ። ጂፒኤስ ውስጡ ተሠርቶለት የሚመጣው ዲ710ጂ ነበር ያማረኝ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጋሼ፦ እንዳልሽው ብትበይጂው አይሠራም። የሚያናድደው ደግሞ ለምን እንዳልሠራ ሬዲዮው አይነግርሽም፤ ዝም ነው የሚልሽ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሞጁሏ ይሁን፣ የገመዱ ይሁን፣ የሬዲዮው ይሁን በምን ታውቂያለሽ? ስለዚህ ሬዲዮውን ለጊዜው እርሺውና ሞጁሏን ከላፕቶፑ ጋር አገናኚ። በዚያች በዩኤስቢ አዳፕተር፤ 3.3 ቮልት ላይ መደረጓን አረጋግጪ። የሞጁሏ ቲኤክስ ወደ አዳፕተሩ አርኤክስ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሰማ።

ልጅቷ፦ ገባ። ፍጥነቱን 9600 ባውድ አልኩት። ይኸው፣ ጽሑፍ እየወረደ ነው።

ጋሼ፦ ጂፒአርኤምሲ ብሎ የሚጀምረውን መስመር አንብቢልኝ። ኮማውንም ሳትዘዪ።

ልጅቷ፦ የዶላር ምልክት፣ ጂፒአርኤምሲ፣ ኮማ፣ ኮማ፣ ቪ፤ ከዚያ በኋላ ኮማ ብቻ ነው፤ ኮማ፣ ኮማ፣ ኮማ… መጨረሻው ላይ ኤን፣ ኮከብ፣ 53። ተበላሽታ ነው እንዴ የመጣችው?

ጋሼ፦ ኧረ ደህና ናት! ቪ ማለት “ያለሁበትን ገና አላወቅሁም” ማለቷ ነው። ስታውቅ ቪው በኤ ይተካል፤ በኮማዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም በሰዓት፣ በኬክሮስ፣ በኬንትሮስ፣ በፍጥነትና በቀን ይሞላል። ኮማዎቹን ባዷቸውንም ቢሆን የምታስቀምጠው ሬዲዮው ቦታ ቆጥሮ ስለሚያነብ ነው፤ ኬክሮስን ምን ጊዜም ከኤው ወይም ከቪው ቀጥሎ ነው የሚፈልገው። ይሄ ነገር እኔን በጣም ደስ ይለኛል። የማታውቀውን ገምታ አትሞላም። ትናንት ያየውን ቁጥር ዛሬም እንደ አዲስ የሚያሳይ ስንት መሣሪያ አለ መሰለሽ!

ልጅቷ፦ ታዲያ ለምንድን ነው የማታውቀው? ከተሰካች እኮ ቆየች።

ጋሼ፦ ከላይሽ ጣሪያ አለ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሲግናላቸው መሬት ሲደርስ አንድ ዋት ለአሥር ሺህ ትሪሊዮን ተካፍሎ የሚደርሰውን ያህል ነው። ደጅ ይዘሻት ውጪ። ያቺ ካሬዋ ሴራሚክ አንቴናዋ ናት፤ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጊ። ከዚያ ታገሺ። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ምሕዋር ዝርዝር አሰራጭቶ ለመጨረስ ወደ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እሷ ደግሞ ቦታና ሰዓት ለማስላት አራት ሳተላይት ያስፈልጋታል። ሰማዩ ግልጥ ከሆነ ብዙ አትቆይም፤ ዛፍና ፎቅ ከከበበሽ ግን ልብ ታደርቃለች።

ልጅቷ፦ መብራቷ በየሰከንዱ ብልጭ ማለት ጀመረች። ኤ ሆነ! ኬክሮሱ 3859.44 ኤን ይላል፣ ኬንትሮሱ 07701.60 ደብልዩ። እስቲ ካርታው ላይ ላስገባው፤ 38.5944፣ 77.0160… ጋሼ፣ ይሄማ ከዋሽንግተን በታች ቻርልስ ካውንቲ ወሰደኝ!

ጋሼ፦ 44 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ነው የጣለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ሞጁሉን የሚያማው። ቁጥሩ የዲግሪ አስርዮሽ አይደለም፤ የመጀመሪያው 38 ዲግሪ ነው፣ የቀረው 59.44 ደግሞ ደቂቃ ነው። ደቂቃውን ለ60 አካፍይው፤ 0.9907 ይመጣል። ስለዚህ 38.9907 ነሽ። ኬንትሮሱንም እንዲሁ አድርጊው፤ 77.0267። ምዕራብ ስለሆነ ካርታው ላይ ፊቱ የመቀነስ ምልክት ጨምሪ።

ልጅቷ፦ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አረፈ። መጨረሻ ላይ ከኮከቡ ቀጥሎ ያለው ቁጥርስ? አሁን ተለውጧል።

ጋሼ፦ እሱ ማረጋገጫ ነው። ከዶላሩ ምልክት ቀጥሎ እስከ ኮከቡ ድረስ ያሉት ፊደሎች ኮድ አንድ በአንድ በኤክስኦር ይጣመርና ውጤቱ እዚያ ይጻፋል። ሬዲዮውም የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ካልገጠመለት መስመሩን ይጥለዋል፤ አይጠይቅሽም፣ አያስጠነቅቅሽም። ቅድም ዝም ይልሻል ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንዲት ፊደል በመንገድ ከተበላሸች ለሬዲዮው ምንም እንዳልመጣ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ለኔ መበየጃው አይደለም፤ ይሄ ላፕቶፕ ነው። ጽሑፉ እዚህ ድረስ ንጹሕ መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል። ከእንግዲህ የሚጠፋ ነገር ካለ ከዚህ ወዲያ ያለው ላይ ነው የምትፈልጊው።

ልጅቷ፦ እሺ፣ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ሬዲዮው 9600 ባውድ ይቀበላል፣ ሜኑው ውስጥ አይቻለሁ። እንግዲህ ምን ቀረ?

ጋሼ፦ ቮልቱ። ቴስተሩን አንሺና የሞጁሏን ቲኤክስ ከግራውንዷ ጋር ለኪ።

ልጅቷ፦ ወደ 3 ቮልት ከምናምን፤ ይዋዥቃል።

ጋሼ፦ የሚዋዥቀው ጽሑፉ ሲያልፍ ነው። ዝም ስትል 3.3 ላይ ትቀመጣለች፤ ለሷ 1 ማለት 3.3 ቮልት፣ 0 ማለት ባዶ ቮልት ነው። አሁን ጃኩን ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አስተያይተሽ ሬዲዮው የሚናገርበትን፣ የውጪውን መስመር ለኪ። ይሄ ጃክ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም ይችላል።

ልጅቷ፦ ኔጋቲቭ አሳየኝ! ቴስተሩን ገልብጬ ይዤው ይሆን?

ጋሼ፦ አልገለበጥሽም። አርኤስ-232 የሚባለው የድሮው ሥርዓት ነው። እዚያ 1 ማለት ኔጋቲቭ ቮልት ነው፣ ከ3 እስከ 15 ድረስ፤ 0 ደግሞ ፖዘቲቭ። አንዱ አንገቱን ሲነቀንቅ እሺ ማለቱ ነው፣ ሌላው አንገቱን ሲነቀንቅ እምቢ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም እየተናገሩ አይግባቡም። ስለዚህ የቮልቱ ማነስና መብዛት ብቻ አይምሰልሽ፤ ጠቅላላ የተገለበጠ ነው። በቀጥታ ብትበይጂው ሬዲዮው የሚያየው ትርጉም የሌለው ነገር ነው፤ ማረጋገጫው አይገጥምም፣ ይጥለዋል።

ልጅቷ፦ መካከላቸው የሚገባው ነገር ምንድን ነው ታዲያ?

ጋሼ፦ ማክስ3232 የምትባል ቺፕ። ከነካፓሲተሮቿ ትንሽ ቦርድ ላይ ተሠርታ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ከ3.3 ቮልት ራሷ ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም ታመነጫለች። አንዱን ፊት ወደ ሞጁሏ፣ አንዱን ወደ ሬዲዮው ታዞሪያለሽ፣ አለቀ። እሷ ከሌለች በአንድ ትራንዚስተርም ይሠራል። 2ኤን3904 ያዢ፤ ከሞጁሏ ቲኤክስ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ቤዙ፣ ኤሚተሩን ወደ ግራውንድ፣ ኮሌክተሩን በሌላ 10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት፤ ሬዲዮው ከኮሌክተሩ ላይ ይወስዳል። ሞጁሏ ከፍ ስትል ኮሌክተሩ ወደ ባዶ ይወርዳል፣ ዝቅ ስትል ወደ 5 ይወጣል። ተገለበጠልሽ ማለት ነው።

ልጅቷ፦ ግን ኔጋቲቭ የሚባል ነገር እኮ የለውም። ባዶና 5 ብቻ ነው።

ጋሼ፦ ጥሩ አስተዋልሽ። ደንቡን ካየሽ ከኔጋቲቭ 3 እስከ ፖዘቲቭ 3 ያለው ትርጉም የለውም። የመቀበያ ቺፖቹ ግን ሲሠሩ መቁረጫቸው ብዙውን ጊዜ 1.5 ቮልት አካባቢ ነው የሚደረገው፤ ስለዚህ ባዶውን እንደ ኔጋቲቭ ቆጥረው ያልፋሉ። ይሠራል፣ በተለይ ገመዱ አጭር ከሆነ። መኪና ውስጥ ለዘለቄታው የምታስገቢው ከሆነ ግን እኔ ማክስ3232ን ነው የምመርጥልሽ። ትራንዚስተሩን አንድ ጊዜ በእጅሽ ሥሪው፣ ምን እንደሚካሄድ ይገባሻል፤ ከዚያ ቺፗን አስገቢ።

ልጅቷ፦ ለአዲሱ ሞዴል 5 ዶላር ጨምሪ ብለውኝ ነበር፤ ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ የሚቀበለውን። ሳልገዛው ቀረሁ እያልኩ ስቆጭ ነበር።

ጋሼ፦ እንኳንም አልገዛሽው። እነዚያ ከሁሉም ሳተላይት ቀላቅለው ሲያሰሉ መስመራቸውን ጂፒ ብለው አይጀምሩም፤ ጂኤን ይላሉ። ድሮ የተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ደግሞ ጂፒአርኤምሲን ነው የሚፈልጉት፤ ጂኤንአርኤምሲ ሲመጣ አያውቁትም። ጽሑፉ ንጹሕ፣ ቮልቱ ትክክል፣ ማረጋገጫው የገጠመ ሆኖ ሳለ ሬዲዮው ዝም! ሰው በዚህ ስንት ቀን ይለፋል። መድኃኒቱ ሞጁሉን በኮምፒዩተር ጂፒኤስን ብቻ እንዲቀበል ወይም መስመሩን ጂፒ ብሎ እንዲጀምር ማዘዝ ነው፤ ለዩ-ብሎክስ ሞጁሎች ዩ-ሴንተር የሚባል ሶፍትዌር አለ። ይህን ላላነበበ ሰው ግን ርካሹና አሮጌው ይሻለዋል። ኒዮ-6ኤም ከጂፒኤስ ሌላ አታውቅም፣ ቋንቋዋም ከዘመኑ ሬዲዮ ጋር ይገጥማል።

ልጅቷ፦ 10 ዶላር የተገዛች ነገር እውነት ትታመናለች?

ጋሼ፦ ቦታውን በጥቂት ሜትር ልዩነት ትነግርሻለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ግንቦት መባቻ ድረስ አሜሪካኖቹ ለሲቪሉ የሚሰጠውን ሲግናል ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር በውድ የተገዛውም ወደ መቶ ሜትር ይስት ነበር። ማዛባቱ ከቆመ ወዲህ ይቺን የመሰለች ትንሽ ነገር ለሬዲዮ ከበቂ በላይ ናት። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ያገለገለ የድሮ ጂፒኤስ ስትገዢ ቀኑን እዪ። ጂፒኤስ ሳምንቱን በ10 ቢት ስለሚቆጥር በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ነበር። ቦታው ልክ ሆኖ ቀኑ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድበት መሣሪያ አለ።

ልጅቷ፦ ሰዓቱስ? መስመሩ ላይ የሚታየው ከእኛ ሰዓት ጋር አይገጥምም።

ጋሼ፦ ዩቲሲ ነው፤ የግሪኒች አቆጣጠር በይው። እዚህ በብርዱ ወራት 5፣ በሙቀቱ ወራት 4 ሰዓት ትቀንሺለታለሽ። ለኔ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ሰዓት የምቆጥረው በአገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ዩቲሲ 6፡00 ሲል አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሦስት እቀንሳለሁ፣ አገር ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቄ እደውላለሁ።

ልጅቷ፦ እሺ፣ አሁን ማክስ3232ን በይጄ ጨርሻለሁ። ለሞጁሏ መብራት ከየት ላምጣላት?

ጋሼ፦ ቦርዷ ላይ ያለው ማስተካከያ 5 ቮልት ይቀበላል፣ የምትወስደውም ወደ 50 ሚሊአምፒር ነው። ከመኪናው 13.8 ቮልት በ7805 ብታወርጂው የሚባክነው ከግማሽ ዋት በታች ስለሆነ ብዙም አይግልም። ርካሽ የመኪና ዩኤስቢ ቻርጀር አትጠቀሚ፤ ብዙዎቹ የ2 ሜትር ባንዱን በጩኸት ይሞሉታል። ጥርጣሬ ካለሽ ሬዲዮውን ባዶ ቻናል ላይ አድርጊና ስኬልቹን ክፈቺ፤ ቻርጀሩን ሰክተሽ ንቀዪ፣ በጆሮሽ ትለዪዋለሽ።

ልጅቷ፦ ሰካሁት… ሬዲዮው ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ወጣ! ኤፍኤም18 የሚልም አለ።

ጋሼ፦ እሱ አማተሮች መሬትን የሚከፋፍሉበት ካሬ ነው። 39ኛው ዲግሪ ከዚህ ትንሽ ወደ ሰሜን ያልፋል፤ ወደ ዊተን ስትነጂ ኤፍኤም19 ይሆንብሻል። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት፣ 9ኛው ዲግሪ መሃሏን ነው የሚቆርጣት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ኬጄ98 ውስጥ ነው፣ 5 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ደግሞ ኬጄ99 ውስጥ።

ልጅቷ፦ ክረምት አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ልሂድ?

ጋሼ፦ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ተይዞ አይገባም፤ ባዶ እጅሽን ሂጂና ማኅበሩን ጎብኚ። ቢፈቀድልሽም ፍሪኩዌንሲው ሌላ ነው። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ቦታ የምንልከው በ144.390 ሜጋኸርዝ ነው፤ አውሮፓና አፍሪካ ያሉበት ክልል አንድ የሚጠቀመው 144.800 ነው።

ልጅቷ፦ አሁን ወደ ማስተላለፉ እንሂድ። 50 ዋት ነው የሚያወጣው። ያን ያህል ደካማ ሲግናል የምትሰማ ሞጁል አጠገቡ ምን ትሆናለች?

ጋሼ፦ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄንን ነው። ጂፒኤስ 1575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። 144.390ን በ11 ብታባዢው 1588.29 ይመጣል፤ ቅርብ ነው። እሱ ብቻ አይደለም፣ ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኖ ኃይሉን ወደ ቦርዷ ይወስደዋል። ምልክቱ ምን መሰለሽ፤ ሬዲዮው ባስተላለፈ ቁጥር ኤው ወደ ቪ ይገለበጣል፣ ወይም ጽሑፉ ውስጥ የማይነበብ ፊደል ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑን ሳትነቅዪ፣ በአነስተኛ ኃይል፣ በ5 ዋት አስተላልፊና መስመሩን እዪ። ከዚያ ወደ 50 አሳድጊው። ከተበላሸ ሞጁሏን ከማስተላለፊያው አንቴና አርቂያት፣ ገመዱን ሽፋን ያለው አድርጊው፣ ጫፉ ላይ ፌራይት አጥልቂበት። መስታወቱ በብረት የተቀባ መኪናም አለ፤ ለዚያ ሞጁሏ ከጣሪያው ላይ ትውጣ እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ልጅቷ፦ አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። እናቴም ጠይቃኛለች። ስልኬ ቦታዬን ያውቃል፣ ለሷም ያሳያታል። ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ ለምን እቆጣለሁ? ስልክሽ የሚሠራው ማማው ሲሠራ ነው። ማማው መብራት ካጣ፣ ወይም ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከደወለ፣ ስልክሽ ያለሽበትን እያወቀ ለማንም አይነግርልሽም። ይሄ ግን ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ ነው። መሃል ላይ ፓኬቱን ሰምተው የሚደግሙ ጣቢያዎች አሉ፤ እነሱም ቢጠፉ እኔና አንቺ በቀጥታ እንሰማማለን። ኤፒአርኤስ የሚባለውን ይሄን ሥርዓት የሠራው ሰው እዚሁ ጎረቤታችን፣ አናፖሊስ፣ የባሕር ኃይል አካዳሚ ነበር፤ ቦብ ብሩኒንጋ፣ ኮልሳይኑ ደብልዩቢ4ኤፒአር። እ.ኤ.አ. በ1982 በአፕል ኮምፒዩተር የመርከቦችን ቦታ ካርታ ላይ በማስቀመጥ ጀመረ፤ በ1984 ደግሞ ቪአይሲ-20 በምትባል የቤት ኮምፒዩተር 100 ማይል የሚሮጡ ፈረሶች የት እንደደረሱ ይከታተል ነበር። ጂፒኤስ ለሲቪሉ በርካሽ ከመምጣቱ በፊት እኮ ነው! ተማሪዎቹ የሠሯት ፒሲሳት የምትባል ሳተላይት በ2001 ወደ ሕዋ ወጥታለች። ብሩኒንጋ ራሱ በ2022 አረፈ።

ልጅቷ፦ ስለዚህ ሐሳቡ ከጂፒኤሱ ይቀድማል ማለት ነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፤ እሱም ሲከራከርበት የኖረው ይሄንኑ ነው። ሰው መኪናውን ካርታ ላይ ሲሄድ አይቶ ይደሰትና እዚያው ይቆማል። ብሩኒንጋ ግን ይሄ የመኪና መከታተያ አይደለም፣ አካባቢሽ ውስጥ አሁን ምን እየሆነ እንዳለ፣ ማን የት እንዳለ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚገኝ የምትሰሚበትና የምትመልሺበት ነው ይል ነበር። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ቦታዋን እያስተላለፈች መልእክት የማታነብ መኪና ለኔ የሬዲዮውን ግማሽ ነው የተጠቀመችበት።

ልጅቷ፦ እናቴ የምትፈራው ደግሞ ማን ያየዋል ብላ ነው። ሌሊት ነው ከሥራ የምመለሰው።

ጋሼ፦ እናትሽ እውነቷን ነው፤ ይሄን ቀለል አድርገሽ እንዳታዪው። የላክሽውን ፓኬት ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገቡት ጣቢያዎች አሉ፣ ማንም ሰው ካርታ ላይ ያየዋል፣ ይቀመጣልም። ኮልሳይንሽ ደግሞ ስምሽ ነው፤ የሬዲዮ ፈቃድ በሚሰጠው በኤፍሲሲ መዝገብ ላይ ተፈልጎ አድራሻሽ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አድራሻሽን ወደ ፖስታ ሣጥን ቀይሪ፣ ይፈቀዳል። ሁለተኛ፣ ቤትሽ አካባቢ አታስተላልፊ፤ ትልቁ መንገድ ላይ ስትወጪ ክፈቺው፣ ስትመለሺም እዚያው ዝጊው። ደግሞ ሬዲዮው ከቦታው ቁጥር ላይ አሃዝ እንዲቆርጥ ማዘዝ ትችያለሽ። ሙሉው ሲላክ እስከ 18 ሜትር ድረስ ያሳያል፤ ሁለት አሃዝ ከቆረጥሽ የሚታወቀው አንድ ደቂቃ ነው፣ 1.85 ኪሎ ሜትር። ለሌሊቱ ጉዞ እሱን ተጠቀሚ።

ልጅቷ፦ በስንት ጊዜ ይላክ ታዲያ? በየ10 ሰከንዱ ቢሆን መንገዱ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ጋሼ፦ እሱ ነውር ነው። አገሩ በሙሉ የሚጠቀመው አንድ ቻናል ነው፣ ፍጥነቱም 1200 ባውድ ብቻ ነው። አንቺ ስትልኪ ሌላው ዝም ማለት አለበት። ስማርት ቢኮኒንግ የሚባለውን ክፈቺ፤ ስትቆሚ ያሳንሳል፣ ስትፈጥኚ ይጨምራል፣ መንገድ ስትታጠፊ ደግሞ ወዲያው ይልካል። መንገድሽ ባነሰ ፓኬት ጥሩ ሆኖ ይታያል። ኮልሳይንሽ ላይ ሰረዝ 9 ጨምሪበት፤ መኪና መሆኑን ሰው በዚያ ያውቃል።

ልጅቷ፦ መልእክቱስ? ማይክሮፎኑ ላይ ባሉት ቁልፎች ነው የምጽፈው?

ጋሼ፦ አዎ። እስከ 67 ፊደል ነው፣ እጥር ምጥን አድርጊው። የኔ ሬዲዮ ሲደርሰው ራሱ “ደርሶኛል” የሚል ፓኬት ይመልሳል፤ ካልመለሰ ያንቺው ደጋግሞ ይልካል። ቅዳሜ ወደ ሮክቪል ትወጫለሽ አይደል? ዊተን ስትደርሺ መኪናሽን አቁመሽ አንድ ላኪልኝ፤ እየነዳሽ አትጻፊ። መልሱ ከመጣልሽ ሮክቪል ላይ ድገሚው። ካልመጣልሽ ግን የላፕቶፑን ገመድ መኪናው ውስጥ አስቀምጪ፤ መስመሩ ኤ ይላል ወይስ ቪ፣ መጀመሪያ እሱን አይተሽ ደውይልኝ።